«ዱድ» ካሊፎርኒያ አልተወለደም
«ዱድ» (dude) አሜሪካኖች «ሰውዬ»፣ «ወዳጄ» እንደማለት የሚጠቀሙበት የእንግሊዝኛ የአራዳ ቃል ነው። አንድ ጽሑፍ ቃሉን የካሊፎርኒያ ሰርፈሮች (በባሕር ማዕበል ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ሰዎች) ፈጠሩት ይላል፤ ይህ ልክ አይደለም። እነሱ አስፋፉት እንጂ አልወለዱትም። ቃሉ በሰው አፍ የገባው እ.ኤ.አ. በ1883 ኒውዮርክ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማላገጫ ነበር፣ ጠባብ ሱሪ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ እንግሊዛዊ ለመምሰል የሚሽቀረቀር የሀብታም ልጅ ማለት። ከዚያ ወደ ምዕራብ ተሻገረና የገጠሩን ኑሮ የማያውቅ ከተሜ መጠሪያ ሆነ፤ እንዲህ ያሉ እንግዶችን የሚያስተናግዱ የከብት እርባታዎች እስካሁን «ዱድ ራንች» ይባላሉ። በጽሑፉ ሥር በሰጠኸው አስተያየት «ዱድ የዝሆን ፀጉር ማለት ነው» ያልከው ወንድሜ፣ እሱ መሠረት የለውም። የቃሉን ሥር ያጠኑ ሰዎች «ያንኪ ዱድል» ከሚለው የድሮ ዘፈን ጋር ነው የሚያያይዙት። እኔ የምሠራበት ቦታ ደግሞ ዛሬ ሴቶቹም እርስ በርስ «ዱድ» ይባባላሉ፣ ሲደነግጡም ሲደሰቱም።