ሙላቱ በአንድ መስመር ብቻ ይታለፋል?

አሜሪካዊው ራፐር ናስና ጃማይካዊው የሬጌ ድምፃዊ ዴሚያን ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት «ዲስታንት ሬላቲቭስ» አልበም እንዴት እንደተሠራ የሚተርከውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ሙላቱ አስታጥቄ በአንድ መስመር ታለፈ!

የአልበሙን መክፈቻ «አዝ ዊ ኢንተር»ን ስሙት። ከስር የሚዞረው እኮ የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ነው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ታክሲ ውስጥ፣ ጋቢና ተቀምጬ ነው። ዜማው ሲጀምር «ሙላቱ መጣ» ብዬ ተመቻቸሁ። ወዲያው ሁለት ሰዎች በእንግሊዝኛ እየተነጣጠቁ ገቡበት። ሹፌሩን «ጣቢያ ቀየርክ እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ።

ቅብብሎሹ ነው የሚገርመው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ከአፉ ይነጥቀዋል። ትንፋሽ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 «ሮድ ቱ ዛየን» የሚለውን ዘፈን አብረው ስለሠሩ ተላምደዋል መሰለኝ።

«ፔሸንስ» የተባለው ዘፈንም የተሠራው በማሊዎቹ ድምፃውያን አማዱና ማርያም «ሳባሊ» ላይ ነው። ሳባሊ በባምባራ ቋንቋ ትዕግሥት ማለት ነው። ርዕሱን እንኳ ተርጉመው ነው የወሰዱት ማለት ነው! ጸሐፊው ይቺን እንዴት እንዳለፋት እንጃ።

አብዛኛውን ያቀናበሩት ዴሚያንና ወንድሙ ስቲቨን ናቸው፤ እጃቸው ይባረክ። ሊል ዌይንና ጆስ ስቶን ያሉበት «ማይ ጀነሬሽን» ግን፣ ከነልጆቹ ኅብረ ዝማሬ፣ ለኔ ስኳሩ በዝቷል። እሱን ዘልዬ ወደ መጀመሪያው ዘፈን ነው የምመለሰው።