ቮልሴን ከእርሳሱ ጋር አትቅበሩብኝ

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ሬዲዮ ተከፍቷል፣ ስለ መኪና ይወራል። «ባለሙያ» ተብለው የቀረቡት እንግዳ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ቮልስና ላዳ የተሠሩት እርሳስ ላለበት ቤንዚን ስለሆነ የአሁኑ ቤንዚን ሞተራቸውን እየበላው ነው፣ የሚያጨሱትም ለዚህ ነው፣ ከመንገድ ቢወጡ ለባለቤቶቹም ይሻላል። ጋዜጠኛው «በጣም ግሩም ማብራሪያ» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እኔ ሰፈሬ ሳልደርስ ወራጅ አልኩ።

ከጭሱ እንጀምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። ሰማያዊ ጭስ ማለት ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነው። የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ወይም ዘይቱ በቫልቩ በኩል እየወረደ ነው። ጥቁር ጭስ ከሆነ ደግሞ ካርቡራተሩ ቤንዚን እያበዛ ነው። ይሄን ጋራዥ ቁልፍ የሚያቀብል ልጅ ያውቀዋል። እርሳሱ እዚህ ውስጥ በየት በኩል ገባ? ደግሞስ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳስ ያለውን ቤንዚን ጠቅልሎ የተወው እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ነው። ሃያ ዓመት! እነዚህ መኪኖች ሃያ ዓመት ሙሉ ሞተራቸው «እየተበላ» ዛሬም ሽሮ ሜዳን ይወጣሉ። ምን ዓይነት አበላል ነው?

(እርሳስ ስል ደብተር ላይ የምንጽፍበትን አይደለም። ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረውን መርዝ ነው።)

እርሳሱ ቤንዚን ውስጥ ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ኦክቴኑን (ቤንዚኑ ሲታመቅ ያለጊዜው እንዳይነድ የሚያደርገውን አቅም) ከፍ አድርጎ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ማድረግ። ሁለተኛው የጭስ ማውጫው ቫልቭ የሚያርፍበትን ቦታ በስሱ መሸፈን። ሽፋኑ ከሌለ፣ ቦታው ቀልጦ የተቀዳ ለስላሳ ብረት ከሆነ፣ ሞተሩም ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ዙር ከተነዳ፣ የጋለው ቫልቭ በመዘጋቱ ቁጥር ከመቀመጫው ትንሽ ትንሽ እየነቀለ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ይሄ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ሦስቱንም «ከሆነ» ልብ በሉልኝ።

የቮልስ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ አናት) አልሙኒየም ነው። የላዳም አልሙኒየም ነው። የፊያት 600ም፣ የፔጆ 404ም እንዲሁ። አልሙኒየም የቫልቭ ምት አይችልም። ስለዚህ ፋብሪካው ገና ከጅምሩ፣ እርሳስ እንደ ልብ በነበረበት ዘመን፣ ቫልቩ የሚያርፍበት ላይ ጠንካራ ቀለበት ከትቶበታል። ባለሙያው የሚያዝኑለት ለስላሳ መቀመጫ እነዚህ መኪኖች ላይ ከነጭራሹ የለም። የሌለ ነገር እንዴት ይበላል? አንድ ቴስታታ አስፈትቶ ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቶርኖ ቤት ገብቶ አንድ ሰው መጠየቅ ደግሞ የአምስት ደቂቃ።

«ታዲያ የቮልስ ቫልቭ ለምን ይቃጠላል?» የሚለኝ አይጠፋም። ይቃጠላል! ግን የትኛው? ሦስተኛው ሲሊንደር። የቮልስ ሰው ሁሉ ያውቃታል ይቺን ሦስተኛ። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚመጣባትን አየር ስለሚጋርድባት ከሌሎቹ በላይ ትግላለች። አባቴ ጋራዥ ተቀምጦ የቮልሱ ሦስተኛ ሲሊንደር ሲፈታ የሚያይ የነበረው ቤንዚኑ በእርሳስ በተሞላበት ጊዜ ነው። ያኔ ማን ተከሰሰ?

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ደግሞ እጃችሁ ላይ አለ። መቀመጫው እየተበላ ቫልቩ የሚሰምጥ ከሆነ የቫልቩ ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው፣ ይጠባል። ቮልስ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቫልቭ ይስተካከላል፣ በቀጭኗ መለኪያ ላሜራ። እኔ የራሴን በራሴ ነው የማስተካክለው፣ እሁድ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ። ዓመታት ሙሉ ክፍተቱ እዚያው ነው። የሬዲዮው ባለሙያ ለክተው ያውቃሉ?

ኦክቴኑስ? የእኔዋ ባለ 1200 ሞተር ናት፣ እመቃዋም ዝቅተኛ ነው፣ 7 ለ 1። እንዲህ ዓይነት ሞተር ምርጥ ቤንዚን አይለምንም። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው ይቀንሳል፣ ሞተሩ የሚፈልገው ኦክቴንም አብሮ ይወርዳል። ከሜክሲኮ ፒያሳ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተንፏቀቀ የሚሄድ ሰው «ረጅም ሰዓት በከፍተኛ ዙር» የሚባለውን የት ያገኘዋል? አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ላዳ ያለማቋረጥ በመቶ ሃያ እነዳለሁ የሚል ካለ እሱ ሌላ ሐኪም ይፈልግ።

አንድ ነገር ልቀበል። ቴስታታዋ ብረት የሆነ የድሮ ቤንዚን ላንድሮቨር ኖሯችሁ ዓባይ በረሃን ተጭናችሁ የምትወጡ ከሆነ፣ ክፍተቱን ቶሎ ቶሎ ለኩ፣ ቴስታታው ሲወርድ ጠንካራ ቀለበት አስገቡበት። አለቀ።

ባለሙያው ሊያስፈራሩን የሚገባ ነገር ሌላ ነበር፤ እሳቸው ግን አላነሱትም። ኢታኖል! እ.ኤ.አ. በ2008 የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል (አልኮል ነው) አዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ በ5 በመቶ መቀላቀል ሲጀምር፣ በኋላም 10 ሲደርስ፣ የድሮ ጎማ ቱቦ ነው የተጎዳው። ኢታኖል የጥንቱን ጎማ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። የቮልስ ቤንዚን ቱቦ ያለው ደግሞ ከኋላ፣ የጋለ ሞተር አናት ላይ ነው። ቮልስ ብዙ ጊዜ በእሳት የሚያያዘው በዚች ቱቦ ነው። ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ አዲስ ቱቦ ቀይሩ፣ ዛሬውኑ።

የሚገርመው በዚያው ሰሞን አንድ መለዋወጫ ሻጭ «የእርሳስ ምትክ» የምትል ጠርሙስ ሊያስታቅፈኝ ነበር። ለቮልስ! በጠርሙሱ ዋጋ ስንት ካንዴላ ይገዛ ነበር።

እርሳስን በናፍቆት ለሚያነሱ ሰዎች አንድ ታሪክ አለኝ። ይሄን ነገር ቤንዚን ውስጥ ያመጣው አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1921። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ የሚያመርቱት ሠራተኞች አእምሯቸው እየተናወጠ ሲሞቱ ሰውዬው ጋዜጠኞች ጠርቶ እጁን በዚያው ፈሳሽ ታጠበላቸው። ምንም አይልም ለማለት። ከዚያ በፊት ራሱ በእርሳስ ተመርዞ ታሞ እንደነበር አልነገራቸውም። እኛስ? የጋራዥ ልጆች ግራሶ ከእጃቸው የሚያስለቅቁት በቤንዚን ነበር። ቤንዚን ከታንክ በጎማ በአፋቸው ሲስቡ የኖሩ አሉ። መርዙ በቆዳም ይገባል። የስንቱ ጎበዝ ልጅ ጭንቅላት በዚያ እንደተጎዳ ማን ቆጠረው? ደግሞ ያ ቤንዚን ዛሬ ቢመለስ ከተማውን የሞላው ቪትዝ የጭስ ማጣሪያው በአጭር ጊዜ ይበላሻል።

የቤንዚን መኪና ማስገባት ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ ተከልክሏል። ያለው ያለውን ይይዛል። ቮልስ ከመንገድ ይውጣ የሚል ሰው ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ቀበቶው፣ ስለ ጭሱ ይምጣና ያውራኝ፣ እሰማለሁ፣ ምናልባትም በግማሹ እስማማለሁ። በቤንዚኑ ከመጣ ግን መለኪያ ላሜራ ይዞ ይምጣ። እሁድ ጠዋት ቤት ነኝ።