የድሬ ሰዎች፣ 4 ደቂቃን አትናቁ

የድሬ እናቶችና አባቶች፣ እናንተም ወጣቶች፣ ስፖርት ሥሩ ስትባሉ “ጊዜ የለም” ትላላችሁ። ከ8 ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህን ሊል አይገባውም። ዛሬ ግን ይበልጥ የምንገሥጸው የጀመራችሁትን ነው። ስልክ ላይ ባያችሁት ቪዲዮ ተነሣሥታችሁ በመጀመሪያው ቀን 8 ዙር ቡርፒ (ቁጭ ብሎ በእጅ መሬት ይዞ ተዘርግቶ፣ ተነሥቶ መዝለል) ዘለላችሁ፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃታችሁ፤ ከዚያ ተዋችሁት።

20 ሰከንድ ሠርቶ 10 ሰከንድ እያረፉ 8 ዙር፣ በድምሩ 4 ደቂቃ የመሥራት ስልት በጃፓናዊው ተመራማሪ በኢዙሚ ታባታ ስም ይጠራል። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት የተሳተፉት ግን ስፖርት የለመዱ ወጣቶች ነበሩ፤ የሠሩትም ባለበት በሚቆም ብስክሌት ላይ፣ ጉልበታቸው እስኪሟጠጥ ነው። ዓመት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰ ሰው በእነሱ ልክ ለምን ይጀምራል?

መጀመሪያ 5 ደቂቃ አሟሙቁ፦ ባላችሁበት ተራመዱ፣ ክንዳችሁን አዙሩ። ከዚያ 20 ሰከንድ ቁጭ ብድግ ወይም ፑሽ አፕ ሥሩ፣ 40 ሰከንድ እረፉ፤ 6 ዙር ይበቃል። በሳምንት 3 ቀን፣ በመሐል አንድ ቀን እያረፋችሁ። ትንፋሻችሁና አቋማችሁ ሳይበላሽ 6ቱንም ስትጨርሱ ብቻ እረፍቱን 5 ሰከንድ ቀንሱ። ስትጨርሱ ዝም ብላችሁ ቀጥ አትበሉ፤ ደም እግር ውስጥ ይቀርና ራስ ያዞራል። 3 ደቂቃ ተራመዱ።

ቁጭ ብድግ ስትሠሩ እግራችሁ በትከሻችሁ ስፋት ይሁን፣ ተረከዛችሁ ከመሬት አይነሣ። ጉልበታችሁን ተመልከቱ፤ ከጣቶቻችሁ አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ከታጠፈ የዳሌ ጡንቻችሁ ደክሞ ሊሆን ይችላልና ሰዓቱ ባይሞላም ዙሩ እዚያው ያብቃ። ፑሽ አፕ መሬት ላይ ካልቻላችሁ በግድግዳ ጀምሩ፣ ከዚያ በአልጋ ጠርዝ። ወገባችሁ የሚሰምጠው ሆዳችሁን ስለምትለቁት ነው። ሲሚንቶ ላይ በነጠላ ጫማ መዝለል ደግሞ ይቅርባችሁ።

ድሬ እንደ ሐረር ወይና ደጋ አይደለችም። በቀትር ልብ ለጡንቻም፣ ሙቀት ለማስወጣት ለቆዳም ደም መርጨት አለበት፤ ሁለቱን አንድ ላይ አታሸክሙት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ሥሩ፤ ውኃ ጠጡ። ጫት ቅማችሁማ በፍጹም አትሞክሩት! ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ድካምን ይሸፍናል፤ ማቆም ያለባችሁን ቦታ አታውቁትም።

“ቦርጬን በሁለት ሳምንት ላጥፋ” የሚለውን ዕቅድ ተዉት። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ይልቅ “በ6 ሳምንት 10 ትክክለኛ ፑሽ አፕ” ብላችሁ ጻፉና ቁጥሩን በየሳምንቱ መዝግቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 75 ደቂቃ ጠንካራ ወይም 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ስለዚህ ይህቺ ብቻ አትበቃም፣ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሰፈር ለመሄድ ሁልጊዜ ባጃጅ አትጥሩ።

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። ማንም ሁን፣ ደረትህን ከጨመቀህ ወይም ዓይንህ ከጨለመብህ “ይህቺን ዙር ልጨርስ” አትበል፤ አቁመህ ሰው ጥራ፣ ሆስፒታል ሂድ።