የመስሚያ መሣሪያ ርክክብ መጋዘን ላይ አያብቃ

የመንግሥት ሆስፒታሎች የመስሚያ መሣሪያ የሚገዙበት ጨረታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው የአንዱን መሣሪያ ዋጋ ነው። ቴክኒካል መስፈርቱን ካለፉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ዕቃው መጋዘን ሲገባ ርክክብ ተፈርሞ ክፍያ ይለቀቃል። ጓንትና መርፌ ሲገዛ ይህ አካሄድ ያስኬዳል። የመስሚያ መሣሪያ ግን በታካሚው የመስማት ልኬት ካልተስተካከለና በጆሮው ልክ ካልተገጠመ ለማንም አይጠቅምም። ይህን የማስተካከል ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቀው ትንሽ አገር በቀል አቅራቢ በአንድ ዕቃ ዋጋ ብቻ ሲለካ ይሸነፋል፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ግን ታካሚው ላይ ነው።

ከጆሮ ጀርባ የሚደረገውን ዓይነት እንውሰድ። መሣሪያው ከጆሮ ጋር የሚያያዘው በቀጭን ቱቦና በየሰው ጆሮ ልክ በሚሠራ ሞልድ ነው። ሞልዱን ለመሥራት መጀመሪያ ጆሮ ይጸዳል፤ ክር ያለው ትንሽ ስፖንጅ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሲሊኮን ይሞላና ሲረጋ ይወጣል። ስፖንጁ ጠለቅ ብሎ ካልተቀመጠ ሞልዱ አጭር ይሆናል፣ ይላላል፤ ድምፁም በክፍተቱ ሾልኮ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ መሣሪያው ያፏጫል። ባለቤቱ ፉጨቱን ለማጥፋት ድምፁን ይቀንሳል፤ ሲቀንሰው ንግግር አይሰማም፤ ከዚያ አውልቆ ያስቀምጠዋል። የሕፃናት ጆሮ ስለሚያድግ ሞልዳቸው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ለጨቅላዎች ከዚያም በላይ መቀየር አለበት። ቱቦውም በወራት ውስጥ ይደርቃል። በጨረታ ሰነዱ ላይ ግን ሞልድ ብዙ ጊዜ የለም፤ ካለም ለአንድ ጆሮ አንድ ብቻ ነው።

ባትሪውም እንዲሁ ነው። ብርቱካናማ ልጣፍ ያለው 13 ቁጥር ባትሪ ቀኑን ሙሉ ለሚጠቀም ሰው በአማካይ 10 ቀን ይቆያል ብንል በዓመት 36፣ በ5 ዓመት 180፣ ለሁለት ጆሮ 360 ባትሪ ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይረከብ ማለትም አያዋጣም፤ ባትሪው ማብቂያ ቀን ስላለው የመጨረሻዎቹ ሳይከፈቱ ጊዜያቸው ያልፋል። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ባትሪውን አውጥተው እንዳይውጡት የሚቆለፍ የባትሪ በር ግዴታ መሆን አለበት።

ብዙም የማይታሰብበት ሌላው ጉዳይ ማስተካከያው ነው። እያንዳንዱ ብራንድ የራሱ ሶፍትዌር አለው፤ ከኮምፒውተር የሚያገናኘውም ኬብል ወይም ሽቦ አልባ መሣሪያ ያስፈልጋል። እነዚህ ከውሉ ውስጥ ካልገቡ አቅራቢው በሄደ ማግስት የመሣሪያዎቹን ድምፅ የሚያስተካክል አይገኝም።

የዓለምን ገበያ አብዛኛውን የያዙት አምስት ድርጅቶች ናቸው፦ ሶኖቫ፣ ዴማንት፣ ጂኤን፣ ደብሊው ኤስ ኦዲዮሎጂና ስታርኪ። ትንሽ አቅራቢ ዕቃውን ከእነዚህ ወይም ከሌላ አምራች ወስዶ፣ የውክልና ደብዳቤ አምጥቶ፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አስመዝግቦ ይወዳደራል። የጨረታ ማስከበሪያውን በሲፒኦ ያስይዛል፤ ካሸነፈ የውል ማስከበሪያ ይከተላል። ዋጋውን በብር ሰጥቶ ዕቃውን በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በማይለወጥ ዋጋ ለፈረመ ትንሽ ድርጅት እንዲህ ያለው ለውጥ ወይ በኪሳራ ማስረከብ፣ ወይ ውል አፍርሶ ማስከበሪያን ማጣት ማለት ነው።

ገዥው መሥሪያ ቤት ስጋት አለው፣ ስጋቱም ተገቢ ነው፤ ትንሹ ድርጅት ቢዘጋ ማን ይጠግናል? ለዚህ ግን ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢና የብዙ ዓመት ተመሳሳይ ውል እየጠየቁ በር ከመዝጋት የተሻለ መንገድ አለ። ሶፍትዌሩና ማገናኛው በሆስፒታሉ እጅ ይሁን፤ ከመሣሪያዎቹ መካከል ለምሳሌ ከ100ው 5ቱ መለዋወጫ ሆነው ይቀመጡ፤ የሆስፒታሉ ባለሙያዎች ሞልድ መውሰድና ቱቦ መቀየር ይሠልጥኑ።

እንግሊዝ አገር የሕዝብ ጤና አገልግሎቱ የሚገዛው ብዙ አቅራቢዎችን በያዘ የማዕቀፍ ስምምነት፣ ማለትም ዋጋና ሁኔታ አስቀድሞ ተስማምቶ ዕቃው በሚያስፈልግበት ጊዜ በሚታዘዝበት ውል ነው፤ ታካሚው መሣሪያውን በነፃ በውሰት ያገኛል፣ ባትሪውና ጥገናውም በነፃ ነው። የእኛም የግዥ ሕግ የማዕቀፍ ስምምነትን ይፈቅዳል። ስለዚህ የመስሚያ መሣሪያ ጨረታ ለየብቻ በሚወዳደር ምድብ (በሎት) ይከፈል፤ የሕፃናቱ ለብቻ፣ የአዋቂዎቹ ለብቻ ይሁን። ዋጋው የ5 ዓመት ተብሎ ሞልዱን፣ ቱቦውን፣ ባትሪውንና ጥገናውን አጠቃልሎ ይወዳደር፤ የምንዛሪ ለውጥ ማስተካከያ አንቀጽም ይግባበት። መስፈርቱ ከአንድ ብራንድ ካታሎግ የተቀዳ የቻናል (ለየብቻ የሚስተካከሉ የድምፅ ክፍሎች) እና የፕሮግራም ብዛት ከሚሆን የድምፅ ማጉያ አቅሙን፣ ከፍተኛ የድምፅ ወሰኑንና አቧራና ላብ መቋቋሙን ይጠይቅ።

ክፍያውም ከሥራው ጋር ይሂድ። አንዱ ክፍል ዕቃው ሲረከብ፣ ሁለተኛው መሣሪያው በታካሚው ልኬት ተስተካክሎ ሲገጠም፣ የቀረው ከ6 ወር በኋላ ታካሚው ተጠርቶ መሣሪያውን እየተጠቀመበት መሆኑ በካርዱ ላይ ሲመዘገብ ይለቀቅ። ካልተጠቀመበት ምክንያቱ ይጻፍ፦ ፉጨት፣ የባትሪ እጥረት ወይስ ያልተስተካከለ ድምፅ። የሚቀጥለው ጨረታ ዝርዝር መግለጫም ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ ይዘጋጅ።