«ቶርቲያ ሱፕ» የማን ፊልም ነው?

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ቶርቲያ ሱፕ» ሎስ አንጀለስ ስለሚኖር ሜክሲኮ-አሜሪካዊ ቤተሰብ የተሠራ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ማርቲን ናራንሆ ሚስቱ የሞተችበት፣ የምግብ ጣዕም መለየት ያቃተው ሼፍ ነው። ሦስት ሴት ልጆቹን እሑድ እሑድ ገበታ ላይ ይሰበስባል። ታሪኩ የተወሰደው አንግ ሊ በ1994 ታይፔ ላይ ከሠራው «ኢት ድሪንክ ማን ዉማን» ነው። ፊልሙ በእርግጥ የሜክሲኮ-አሜሪካውያን ነው?

ተቃዋሚ፦ አይደለም። አባትየው፣ ኬሚስትሪ አስተማሪዋ ታላቅ ልጅ፣ ተማሪዎች የጻፉት የፍቅር ደብዳቤ፣ የጎረቤት እናት ለራሷ የተመኘችው ሼፍ የእሷን ልጅ ማግባቱ፣ ሁሉም ከታይፔው ፊልም የመጣ ነው። የመረብ ኳስ አሠልጣኙ የቤዝቦል አሠልጣኝ ሆኗል። ዳይሬክተሯ ማሪያ ሪፖል ስፔናዊት ናት። አባትየውን የተጫወተው የሄክተር ኤሊዞንዶ ቤተሰብ ከፖርቶ ሪኮ፣ ታላቅ ልጁን የተጫወተችው የኤሊዛቤት ፔኛ ከኩባ ነው፤ የጎረቤቷን እናት የተጫወተችው የራኬል ዌልች አባት ደግሞ ቦሊቪያዊ ነበር። የስፓኒሽ ስም ያለውን ሁሉ አንድ አድርጎ መቁጠር የሜክሲኮ ልጆችን ይበድላል።

ደጋፊ፦ ስለ ተዋናዮቹ ያሉት እውነት ነው። ግን ገበታውን ይመልከቱልኝ። ማርቲን ልጆቹ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ቀላቅለው ሲያወሩ ይቆጣል፤ አንዱን ምረጡ ይላል። ይህ ከታይፔ አልመጣም። ዋሽንግተን ልጅ ያሳደገ አበሻ አስተርጓሚ ሳይፈልግ ይገባዋል። ገበታው ላይ ያለው ኖፓሌስስ? የቁልቋል በለስ ቅጠል ነው፤ ተክሉ ትግራይ የደረሰው ከዚያው ከሜክሲኮ ምድር ተነስቶ ነው። እኛ ፍሬውን እንበላለን፣ እነሱ ቅጠሉንም። እሾሁ በቢላ ተላጭቶ፣ ጠርዙ ተቆርጦ በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል። እሳቱ ከደከመ ልጋጉ ሳይደርቅ ይቀርና ሳህኑ ላይ ይዝለገለጋል።

ተቃዋሚ፦ የፊልሙን ምግብ ያዘጋጁት የቦርደር ግሪል ሬስቶራንት ባለቤቶች ሜሪ ሱ ሚሊከንና ሱዛን ፌኒገር ናቸው፤ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ሜክሲኳውያን አይደሉም። ሳህኑም የሬስቶራንት ሳህን ነው። ስሙን ለፊልሙ የሰጠው የቶርቲያ (የበቆሎ ቂጣ) ሾርባ ግን እንደ እኛ ፍርፍር የትናንት ቂጣ የሚበላበት የቤት ምግብ ነው። ለ4 ሰው ያደረ 6 የበቆሎ ቂጣ በቀጭኑ ይቆረጥና በደንብ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። የዕለቱ ቂጣ እርጥበት ስላለው ዘይቱን ያንጣጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። ፍሬው የወጣለት 2 ደረቅ የፓሲያ ቃሪያ ምጣድ ላይ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይገላበጣል፤ ካረረ ሾርባው ሁሉ ይመራል። ከተጠበሰ 4 ቲማቲም፣ ግማሽ ሽንኩርትና 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጋር ይፈጫል። ከዚያ ጠቆር እስኪል በዘይት ይቁላላና 1 ሊትር ተኩል የዶሮ መረቅ ይጨመርበታል። ቂጣው የሚገባው ሲቀርብ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይላሽቃል። ያንን ወጥ ቤት ፊልሙ ውስጥ አላየሁትም።

ደጋፊ፦ ወጥ ቤቱን ካርመን ላይ ያገኙታል። መካከለኛዋ ልጅ የአባቷን ምግብ በራሷ መንገድ መቀየር ትፈልጋለች፤ እሱ ደግሞ እንደተማረው እንዲቀር ይሻል። ሁለቱም ስፓኒሽ የሚያውቁ፣ ሁለቱም ሎስ አንጀለስ የሚሠሩ ናቸው። የሜክሲኮ ምግብ አሜሪካ ውስጥ የቱ ድረስ ሊለወጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ ዛሬም በዚያች ከተማ ወጥ ቤቶች ያከራክራል።

ተቃዋሚ፦ በካርመን ይሁንልዎ። በራኬል ዌልች ግን አልስማማም።