ማስተካከያ፦ የቤተሰብ ቀን ሰዓትና የዱላ ቅብብሉ ውጤት

ባለፈው ሳምንት ለወላጆች በላክነው የትምህርት ቤታችን ዜና ላይ ሦስት ስህተቶች ገብተዋል። ይቅርታ እንጠይቃለን።

አስቸኳዩን እናስቀድም። የቅዳሜው የቤተሰብ ቀን "9 ሰዓት" ላይ ይጀምራል ብለን ነበር። ከስልክ ላይ እንዳለ ተገልብጦ ነው። ትክክለኛው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከመጣችሁ የምታገኙት ወንበር የሚሰበስቡ ጥበቃዎችንና የቀዘቀዘ ቡና ነው።

ልጆቹን ያስከፋው ግን ሁለተኛው ነው። የ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብሉን አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ብቻዋን ያሸነፈች አስመስለን ጻፍን። ፎቶውም የእሷ ብቻ ነበር። እሷ የመጨረሻዋ ሯጭ ናት፤ ያሸነፉት አራቱም ናቸው። እንደውም እውነቱን ለመናገር ውድድሩን ያዳነችው ሦስተኛዋ ነች። ኩርባው ላይ አንድ ጫማዋ ወለቀ። ዞር ብላም አላየችው። በካልሲዋ ሮጣ ዱላውን አቀበለች። ካልሲው ከዚያ በኋላ ካልሲ አልሆነም። አሁን አራቱም አብረው የተነሱት ፎቶ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል።

ሦስተኛውን ስህተት የያዘብን የ4ኛ ክፍል ልጅ ነው። ደራርቱ ቱሉ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቋን በአትላንታ አገኘች ብለን ነበር። አይደለም፤ በባርሴሎና ነው፣ በ1992 እ.ኤ.አ.፣ በ10,000 ሜትር። የ1996ቱ የአትላንታ ወርቅ የፋጡማ ሮባ ነው፣ በማራቶን።