ከዘሩ በፊት ክትባቱን ጠይቁ

ውሻ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዘሩን ያጣራ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እኔ አልስማማም። እኛ ለገጣፎ አካባቢ "ንጹህ ጀርመን ሸፐርድ ነው" እየተባለ መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጠው ቡችላ ብዙ ጊዜ ገና ጡት ያልጣለ ነው። ሆዱ ተነፍቶ ስታዩት የጠገበ ይመስላችኋል፤ ወስፋት ነው እንጂ ጥጋብ አይደለም። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ሥር መቆየት አለበት። የፓርቮ (ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድል የቫይረስ በሽታ) ክትባት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንቱ ይደጋገማል፤ አንዴ ተወግቶ አለቀ የሚባል ነገር የለም። ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካያችሁ ነገ እናየዋለን አትበሉ፣ ነገን ላያይ ይችላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ሻጩ "ተከትቧል" ካለ ካርዱን አሳየኝ በሉት። (ያኔ ነው ሻጩ "ስልክ ተደወለልኝ" ብሎ ዞር የሚለው!)

ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ማታ መንደር ላይ የሚለቀቀውን ውሻማ ተዉት። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄዶ መከተብ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም። ጠበሉም የአበሻ መድኃኒቱም ከክትባቱ በኋላ ይደርሳል።